የሜትሩ ጫፍ በማን እጅ ነበር

የፈረሰ ግድግዳ የራሱ ሽታ አለው። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቀይ ቀለም ከተቀባባቸው ቤቶች የመጀመሪያውን ሲያፈርሱት ደረስኩ። ዶማው ጭቃውን ሲገነጥለው ከውስጡ የወጣው ጭድ ገና ቢጫ ነበር። ያን ሁሉ ክረምት ተሸክሞ ኖሮ፣ ትናንት ከአውድማ የመጣ ይመስላል። እርጥብ አፈር፣ የገብስ ገለባ፣ ትንሽ የጢስ ጠረን፣ ትንሽ የአይጥ ጎጆ። እንደ ተተከልኩ ቀረሁ። የሚያፈርሱት ልጆች "አባባ፣ አቧራው ይጎዳዎታል፤ ዞር ይበሉ" አሉኝ። ዞር አልኩ። ሽታው ግን እስከ ቤቴ ደጃፍ ተከተለኝ፤ ያን ቀን ምሳዬንም አልበላሁ።

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው አውቶቡስ ቆም ብሎ ሰው የሚያራግፍባት፣ ነፋሷ ባርኔጣ የሚቀማ፣ አንድ ረጅም መንገድና ግራ ቀኝ የተኮለኮሉ ቤቶች ያሏት ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። እዚህ የምናገረውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከተማዋን ምን አድርግ ብዬ አስጠራታለሁ? ሥራዬ ቤት መገመት ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህ መንገድ ላይ እኔ ያልለካሁት፣ እኔ ዋጋ ያልጻፍኩለት ቤት የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የማን ቤት ስንት ቋሚ እንዳለው መናገር እችል ነበር።

ያኔ እኔም ሰው ነበርኩ። ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት፣ ተተኩሶ ጠርዙ እንደ ምላጭ የቆመ ቴትሮን ሱሪ፣ በደረት ኪሴ ሁለት እስክርቢቶ፣ በብብቴ ደግሞ በቆዳ ማቀፊያ የተጠቀለለ ሠላሳ ሜትር የጨርቅ ሜትር። ያ ሜትር በመንገድ ሲያዩት ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለሜትሩ ነው። አንድ ቆርቆሮ ዘጠኝ ብር ነበር፤ አሥር ሲገባ ከተማው በሙሉ ጉድ አለ። ምስማር በኪሎ ይመዘናል፤ የዛገውን እያቃኑ የሚሸጡ ሽማግሌ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ይቀመጡ ነበርና ድሃው ከእሳቸው ይገዛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም። ከማዶ ያለው ሻይ ቤት ቴፕ ነበረው። ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየጎተተ፣ እያዛጋ ይሄድና ባለቤቱ ባትሪዎቹን አውጥቶ ደጅ ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል። እስኪሞቁ ሁላችንም እንጠብቃለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሞባይል ካርድና የባጃጅ ጎማ የሚሸጥ ልጅ አለ። ድምፅ ማጉያው ከጧት እስከ ማታ አይደክምም፤ እኔ ግን አንድም ዘፈን ለይቼ አልሰማሁበትም።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ደምሴ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። እኔ ሦስት ወር ኮርስ ወስጄ፣ ወረቀት ይዤ ስመጣ ወረቀቱን አየት አድርገው መለሱልኝና "ይሁን፤ ነገ ጧት ና" አሉኝ። በነጋታው አንድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። እኔ ሜትሬን ስፈታ እሳቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ጣራውን ያያሉ።

"ቀና በል" አሉኝ። "ባለቤቱ የሚያሳምረው ዓይንህ የሚያርፍበትን ነው። ጣራውን የተሸከመውን ወራጅ ማንም አያሳምርም። ውሃ የት ጋ እንደ ገባ እዚያ ታያለህ።"

ከዚያ ከኪሳቸው ረጅም ምስማር አወጡና ምሰሶውን ከሥሩ፣ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ወጋ ወጋ አደረጉት። ምስማሩ ሰተት ብሎ ከገባ ምሰሶው በስብሷል፤ ካልገባ ጥድ ነው፣ ገና ልጆችህን ያሳድጋል። አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ ዝናብ ሲዘንብ። ሰው "ምን ያዘገያቸዋል?" እያለ ያማቸዋል። እሳቸው ግን በሐምሌ ዶፍ ካባቸውን ደርበው ሰው ቤት ይገቡና መደብ ላይ ቁጭ ብለው ጠብታ ያዳምጣሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ለምን ጉዳይ ነው የሚገመተው? ለግብር ነው? ለውርስ ነው? ለሽያጭ ነው?" ይህን ሳያውቁ ሜትር አያስፈቱኝም ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፣ ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ለምን ቢገመት ምን ለውጥ አለው እያልኩ በልቤ እስቅባቸው ነበር።

እስካሁን ድረስ ሰዎች የግምት ወረቀት ይዘው ይመጡብኛል፤ ለባንክ ብድር የተገመተ፣ ለፍቺ የተገመተ፣ ወንድማማቾች ሊካፈሉበት የተገመተ። ደህና መሆኑን እይልን ይሉኛል። እኔ መጨረሻ ላይ ያለውን ብር አላይም። መጀመሪያ የማየው ሰውየው ቤቱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ነው፤ ያልገባ ሰው ስለ ወለሉ ሲጽፍ ቃሉ ይሳሳል፣ "መካከለኛ" ይላል። መካከለኛ የበዛበት ወረቀት ከባጃጅ ሳይወርዱ የተጻፈ ነው። ከየትኛው ቤት ጋር እንዳነጻጸረው፣ በየትኛው ቀን እንዳየው፣ ማየት ያልቻለውን "አላየሁም" ብሎ መጻፉን አያለሁ። አላየሁም የሚል ገማች ካገኛችሁ የቀረውን እመኑት። ይህን ሁሉ ለሰው ስናገር እንደ ትልቅ ሊቅ ነው የምናገረው። ልቤ ግን ያውቀዋል።

ምክንያቱም የእኔ ግምቶች ውሸት ነበሩ። ሜትር ሲለካ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጥቅሉን ይዞ ቁጥሩን ያነባል፣ አንዱ ዜሮውን ከግድግዳው ጥግ ላይ ይይዛል። አያ ደምሴ ከሞቱ በኋላ ረዳት አልነበረኝምና ዜሮውን የሚይዘው የቤቱ ባለቤት ነበር። እኔ ከዚያኛው ጥግ ቆሜ "ያዝክ?" እላለሁ፤ እሱ "ይዣለሁ" ይላል። ይዟል እውነት ነው፤ ግን ጫፉን በጭብጡ አጠራቅሞ፣ አንድ ክንድ ያህሉን መዳፉ ውስጥ ሰውሮ ነው የያዘው። ቤቱ በወረቀት ላይ በአንድ ክንድ ያጥራል። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሁለት ሰው አልነበረም፤ ከተማው በሙሉ ነበር። ለሠርግ እንደሚደረገው ሁሉ ለገማችም የሚደረገው ታውቆ ነበር፤ አቡጀዲ ኮርኒሱን ቀድሞ ማውረድ፣ ጥሩውን አልጋ ጎረቤት ማሳደር፣ ሜትሩን መጨበጥ። እኔም አይ ነበር። ሜትር ሲጨበጥ ይታወቃል፤ መሐሉ ረገብ ይላል፣ የጨባጩም ዓይን ወደ መሬት ይሄዳል። አይቼ ዝም።

ለምን ዝም ትላለህ የሚለኝ ሰው ያን ዘመን አያውቀውም። ግብሩ ይከብዳል። ከግብሩ ይልቅ ደግሞ "ትርፍ" የምትባል ቃል ነበረች። ትርፍ ክፍል አለው ከተባለ ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ማንም ስለማያውቅ ሁሉም ይፈራል። ሰው የቤቱን ስፋት ከጎረቤቱ ይደብቅ ነበር። እኔ እስክርቢቶዬን ይዤ ስገባ ሴቶች ፊታቸው ይገረጣል፤ አሳንሼ ጽፌ ስወጣ ደግሞ ይመርቁኛል። ምርቃት ይጣፍጣል። ጉቦ በልቼ አላውቅም፤ አንድ እንቁላል ከማንም አልተቀበልኩም፤ በዚህ እኮራ ነበር። ደግ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የምተኛው።

አንጓች ያኔ ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመቷ ቢሆን ነው። ባሏ ጣውላ ሰንጣቂ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አራተኛውን ቤት በገዛ እጁ ሠራላት። ፊት ለፊቱ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከኋላ ሁለት ክፍል፣ ሦስቱም በአንድ ጣራ፣ ምሰሶው የጥድ። ጣራውን ባለበሰ በዓመቱ ታሞ ሞተ። እሷ ሁለቱን የኋላ ክፍሎች ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች እያከራየች መኖር ጀመረች። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከቤተ ልሔም በኩል፣ ስንቃቸውን በጆንያ ተሸክመው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ኪራዩን አንዳንዱ በብር ይከፍላል፤ አንዳንዱ አባቱ በመኸር ገብስ ያመጣላታል።

እኔ የሄድኩ ዕለት ጥቁር ቀሚሷን እንደ ለበሰች ነበር። ደጃፏ ላይ ደርሼ "ለግብር ነው" ስላት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጋሼ፣ የኋላውንም ያዩታል?"

"አያለሁ። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው።"

"እሱን ከወሰዱብኝ በምን እኖራለሁ? በሞተው ይሁንብዎ፤ እንዳላዩት ይሁኑልኝ።"

ሜትሩን ፈታሁና ጫፉን ሰጠኋት። ወደ ማዶው ጥግ ሄጄ "ያዝሽ?" አልኳት። "ይዣለሁ" አለችኝ። ሜትሩ መሐሉ ረግቦ ነበር። ከአንድ ክንድም በላይ ጨብጣለች፤ ምስኪን፣ ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። ያነበብኩትን ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ክፍሎቹ ሄድኩ፤ በአንዱ አንድ ተማሪ ተንበርክኮ መጽሐፉን ያነባል። በሩን መልሼ ዘጋሁት። በቅጹ ላይ ሰው ሁሉ በሚያመሰግንልኝ እጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ አሰፈርኩ፤ "ከኋላ፦ የማገዶና የከብት መጠለያ፣ ጊዜያዊ፣ ግምት የሌለው።" ፈረምኩ። ወጥቼ ስሄድ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ያዝኳት። ያን ቀን ከተማዋን በሙሉ የወደድኳት ይመስለኛል። ሻይ ቤት ገብቼ ሁለት ሻይ ጠጣሁ፤ ባትሪዎቹ ሞቀው ስለነበር ቴፑም በደንብ ይዘፍን ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ቀዩ ቀለም ከተቀባ ከሁለት ወር በኋላ፣ አንጓች በትሯን ተመርኩዛ ደጄ መጣች። ወደ ሰባ እየተጠጋች ነው። ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ነጠላዋ ንጹሕ ነው፣ በእጇ ሁለት ነገር ይዛለች፤ የግምቱን ወረቀት በካኪ ፖስታ፣ ሌላም በፌስታል የተጠቀለለ።

"ይህን ያንብቡልኝ ጋሼ። የገመተው ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ እየደጋገመ አስረዳኝ፤ እኔ ግን አልገባኝ አለ። ካሳው ለአንዲት ክፍል ብቻ ነው ይላል። ምትክ ቦታውም በዚያችው ልክ ነው። ተሳስቶ ይሆናል። አንቱ ያውቃሉ፤ ስሕተቱን ያግኙልኝ።"

መነጽሬን አደረግሁ። ገማቹ ሙሉቀን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ቀይ ጨረር የምትተፋ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ መሣሪያ አለችው፤ የሜትር ጫፍ የሚይዝለት ሰው አያስፈልገውም። እውነቱን ልናገር፤ ስሕተት እንዳገኝበት ጸለይኩ። ወረቀቱን እንደ ጠላት ደብዳቤ መረመርኩት። ቀኑን ጽፏል። የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከዝናብ በኋላ። ወራጁን አይቷል፤ በምሥራቅ በኩል አንዱ መተካቱን ጽፏል። ምሰሶው ጥድ መሆኑን፣ ከሥሩ አለመበስበሱን ጽፏል። መሠረቱን ቆፍሮ ማየት አልቻለምና "አላየሁም" ብሏል። መካከለኛ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሦስቱንም ክፍሎች በሴንቲሜትር ለክቷቸዋል። እንዲህ ያለ ግምት በዕድሜዬ አላነበብኩም፤ አያ ደምሴ ቢያዩት ግንባሩን ይስሙት ነበር። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ መጣሁ። ካሳ የሚታሰበው በነባሩ ማህደር ለተመዘገበው ብቻ ነው ይላል፤ ከማህደሩ ጋር ሲነጻጸር የፊቱ ክፍል ትርፍ ስፋት እንዳለው፣ ሁለቱ የኋላ ክፍሎች ደግሞ በማህደሩ የሌሉ፣ ስለዚህም ያለ ፈቃድ በኋላ የተሠሩ መሆናቸውን ይናገራል። የማህደሩ ቅጂ ተያይዟል። ገለጥኩት። የተመሰገነው እጅ ጽሕፈቴ ነው። ግምት የሌለው። ፊርማዬ ከሥሩ ተንጋሎ ተኝቷል።

"አገኙት?" አለችኝ።

"አግኝቼዋለሁ።"

"ይመስገነው! ማነው የተሳሳተው?"

ቅጂውን መልሼ አጠፍኩት። እሷ እያሰብኩ መሰላትና ፌስታሉን ፈታችልኝ። የግብር ደረሰኞቿ ነበሩ። አንዱንም ዓመት ሳታጓድል፣ በየዓመቱ እየከፈለች፣ በክር እያሰረች ያስቀመጠቻቸው። "ይህ ማስረጃ አይሆነኝም? አንድ ዓመት አላለፈኝም እኮ" አለች። አንስቼ አየኋቸው። ሁሉም ላይ ያው ነው፤ አንድ ክፍል። የዚያ ሁሉ ዓመት ደረሰኝ በሙሉ በገዛ ባለቤቱ ላይ የሚመሰክር፣ በገዛ እጇ የታሰረ ክምር። ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። ረግቦ የነበረውን ሜትር፣ የዘጋሁትን በር፣ የጻፍኩትን ቃል፣ ሁሉንም። እስክጨርስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሳችም።

"አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። "እኔ አይደለሁ የለመንሁዎ?" ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያች ይቅርታ ባትሆንልኝ እመርጥ ነበር። ብትሰድበኝ፣ በዚያ በትሯ ብትመታኝ፣ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

በነጋታው ካሳውን ወደሚገምተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሙሉቀን ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"ጋሼ፣ የኋላዎቹ ክፍሎች ከፊተኛው ጋር በአንድ ጊዜ እንደ ተሠሩ እኔም ጠርጥሬያለሁ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወራጁ አንድ ወጥ ነው። ግን ጥርጣሬ አይጻፍም። ማህደሩ ይህን ይላል።"

"ማህደሩ ውሸታም ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለግብር ነው የጻፍሁት፤ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ። ለካሳ አይደለም።"

"ይህን በማመልከቻ ያቅርቡልኝ፤ የካሳ ኮሚቴው ፊት እኔ ራሴ እቆምልዎታለሁ።"

አቀረብኩ። እሱም እንደ ቃሉ ቆመ፤ ስለ ወራጁ አስረዳ፣ ፎቶ አሳየ፤ ከእሱ በኩል አንዳች አልቀረም። ሰብሳቢዋ ፊቷ የማይጨክን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አንብባ ቀና አለች።

"አባባ፣ ያኔ የፈረሙት ሐሰት ነው እያሉን ነው። ዛሬ የሚፈርሙት እውነት መሆኑን በምን እንወቅ?"

እስክርቢቶዋን አንስታ ቀጠለች።

"በዚህ መንገድ ላይ እርስዎ የገመቱት ስንት ቤት ነው?"

"ሁሉንም።"

"ሁሉም እንደዚህ ነው?"

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። የእሷ ብቻ ነው ብል ምናልባት አንድ መንገድ ይገኝ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እውነት መናገር አማረኝ፤ በማይሆን ሰዓት። "አዎ፣ ሁሉም" አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማህደሩ ለአንዷ ከተከፈተ ለሁሉም ሊከፈት ነው፤ ለሁሉም ከተከፈተ ማን ምን እንደ ነበረው፣ ማን ትናንት ጨምሮ እንደ ሠራ የሚለይ አንድም ወረቀት የለም። ያኔ እውነተኛውን ልክ ለራሴ የምጽፍበት ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ፤ ቁጥጥር ሊመጣ ነው የተባለ ሰሞን ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ማመልከቻዬ ተያይዞ ይቀመጥ፣ ካሳው ግን እንደ ተጻፈው ይሁን ተባለ። ሙሉቀን እስከ በሩ ሸኘኝ።

ዛሬ፣ ሰኞ፣ ቤቷን ሊያፈርሱት ነው። እኔ ዘንድ ግቢ፣ ክፍል አለኝ ብያት ነበር፤ አይሆንም አለች፣ ስማዳ የወንድሟ ልጅ ዘንድ እሄዳለሁ አለች። የወንድሟ ልጅ አምስት ልጆች አሉት፤ ካሳው ደርሶ አንዲት ማጀት ብታሠራ ነው። ተማሪዎቹ ጆንያቸውን ይዘው ወጥተዋል። ትናንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንደገና ደጄ መጣች። የገማችነት ሜትሬ አለኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለኝ፤ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ ቁጥሮቹ አንዳንድ ቦታ ጠፍተዋል።

"ይዘውት ይምጡ። አንድ ጊዜ በትክክል ይለኩልኝ።"

"ለምን ጉዳይ?" ብዬ ጠየቅኋት። አያ ደምሴ የሚጠይቁት ጥያቄ ነበር፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ለምንም" አለች።

ሄድን። ቤቱ ባዶ ነበር፤ አቡጀዲ ኮርኒሱን አውርዳ አጣጥፋዋለች፣ ወራጁ ራቁቱን ይታያል። ቀና ብዬ አየሁት። ምስማር አውጥቼ ምሰሶውን ከሥሩ ወጋሁት፤ አልገባም። ጫፉን ሰጠኋትና ወደ ማዶው ጥግ ሄድኩ። ጉልበቷን እያሳመማት ቁጭ ብላ ዜሮውን ከግድግዳው ጥግ ላይ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው።

"ያዝሽ?" አልኳት።

"ይዣለሁ። ይዩኝ፤ አልጨበጥሁም።"

ሜትሩ ቀጥ ብሎ ተወጠረ። አነበብኩላት። ወደ ኋላ ክፍሎች ገባን፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ቁመቱን፣ ወርዱን፣ በሩን፣ መስኮቱን። አንዱንም ሳላስቀር በደብተር ወረቀት ላይ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ያኔ ስንት ብለው ጽፈውት ነበር አለችኝ፤ ነገርኳት። ሳቅ እንደ ማለት ብላ "ምን ያህል ጨብጨው ኖሯል" አለች። ከዚያ ጨርሰናል ብዬ ሜትሩን መጠቅለል ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ መጣና ተያዘ። አየሁ፤ ጫፉን ከጥጉ አላነሳችም፣ አውራ ጣቷ እንደ ተጫነ ነው፣ እንባዋ በአገጯ ላይ ይወርዳል።

"አንጓች፣ ልቀቂው እንግዲህ" አልኳት።

አልለቀቀችም። እኔም አልሳብኩም።